የክበብ መዋጮ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ከአንባቢዎቻችን አንዱ በጠረፍ ከተማ በመንግሥት ሥራ የተመደበ ሰው ነው። አማርኛን እንደ እኛ ካደገ በኋላ የተማረ መሆኑን ከደብዳቤው አጻጻፍ ለመረዳት ችለናል። «በከተማው አንድ የመዝናኛ ክበብ አለ። የዓመቱ መዋጮ ግን ለእንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ ከበድ ይላል። ልግባ ወይስ ልተው?» ሲል ይጠይቀናል። ነገሩ ለብዙዎች ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን በ2011 ዓ.ም. ለሥራ ተልከን በገዳሪፍ ስንኖር ይኸው ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታችንን አውኮት ስለ ነበረ፥ ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ የደረሰብንን እንዳለ ለማውራት ወደድን።

አስቀድሞ አማርኛን በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንንገር። መዋጮ የሚለው ቃል የመጣው አዋጣ ከሚለው ግሥ ነው፤ ከሌሎች ጋር ሆኖ ድርሻውን አውጥቶ ሰጠ ማለት ነው። ይኸው አዋጣ ደግሞ ጠቀመ፥ ትርፍ ሰጠ ማለት ይሆናል፤ «ይህ ንግድ አያዋጣም» ሲባል በየገበያው እንሰማለን። እንግዲህ መዋጮው ያዋጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ከአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ መቍረጥ ነው። ሱዳኖች ለክበብ የሚከፈለውን ገንዘብ ኢሽቲራክ ይሉታል፤ ትርጓሜውም መጋራት ነው። እኛ በተወለድንበት በትግርኛ ቋንቋ የመዝናኛ ስፍራ መዘናግዒ ይባላል፤ ይህም ቃል ዘነጋ ከሚለው የአማርኛ ግሥ ጋር ዘመድ ነው። ስለዚህ ትግርኛ ተናጋሪ ወደ ክበብ የሚሄደው ሊዘነጋ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የሚዘነጋውን ግን ራሱ ያውቃል። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የዘነጋነው የቤታችንን የእራት ሰዓት ነበር።

ገዳሪፍ ከመተማ ወሰን 150 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ የሰሊጥና የማሽላ ከተማ ናት። በድሮ ጊዜ ሱቅ አቡ ሲን ትባል ነበር። እንግሊዞች በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፥ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊታቸው ቀለብ ለማግኘት፥ በአቅራቢያዋ ባለው በገደምበሊያ ሜዳ በትራክተር ማሳረስ ከጀመሩ ወዲህ እህሏ እጅግ በዛ። መሬቷ ጥቍር ዋልካ ነው፤ ዝናም ሲመጣ ጫማ ያስወልቃል፥ ዝናም ሲቀር ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የውኃ ነገር ነው። በብዙ ሰፈሮች ውኃ በአህያ ጋሪ በበርሜል እየዞረ ይሸጥ ነበር። የእኛው ተከዜ ወደ ሱዳን ሲወርድ ሰቲት ይባላል፤ በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች በ2017 እ.ኤ.አ. ሲመረቁ፥ ለገዳሪፍ ውኃ የማድረስ ተስፋ አብሮ ተነግሮ ነበር። እኛ ግን በደረስንበት ወቅት የሠፈራችንን ውኃ ሻጭ በስሙ ካልጠራነው በርሜላችን አይሞላም ነበር።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ልንገባበት ያሰብነው ክበብ ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ የመዋኛ ገንዳ ነበርና። ክበቡን ሊያሳዩን የወሰዱን ጎረቤታችን፥ ከባቡር ሐዲድ ሥራ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ገንዳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፥ መሰላልም ያለው፥ ጥሩ ገንዳ ነው። በውስጡ ግን የኒም ቅጠልና አንድ የሕፃን ጫማ ብቻ ነበረ። «ውኃ መቼ ይገባበታል?» ብለን ብንጠይቅ፥ ሽማግሌው ረጋ ብለው «አባል ሲበዛ» አሉን። ከገንዳው በቀር ያለው ግን እውነተኛ ነበር። የኒም ዛፎች ጥላ፥ ከጥላው ሥር የተደረደሩ ጠረጴዛዎች፥ የዶሚኖ ጨዋታ፥ ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን፥ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚነሣ ጄኔሬተር፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨዋታ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩበት። ምሽት ላይ ከሜዳው ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ሲመጣ፥ አማርኛ መናፈሻ የሚለውን ቃል ከነፋስ ማውጣቱ ምን ያህል ትክክል እንደ ሆነ ገባን።

የዓመቱ መዋጮ ከወር ደመወዛችን ሲሶውን ይወስዳል። ወዲያው ልባችን ሒሳብ ይሠራ ጀመር። በሳምንት አራት ቀን ብንሄድ በዓመት 200 ጊዜ ያህል ይሆናል፤ መዋጮው ለ200 ሲካፈል ለአንድ ምሽት የሚደርሰው ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ብዙም አይበልጥም አልን። ሒሳቡን በወረቀት ጽፈን ለባለቤታችን አሳየናት። እርሷም ወረቀቱን ሳትነካ፥ «200ውን ማን ቈጠረው?» አለች።

እኛ ነን የቈጠርነው። ክፉው ነገር ይህ ነው፤ ከፋዩ ራሱ ሲቈጥር ምኞቱን እንጂ ልማዱን አይቈጥርም። ይህ የእኛ የጠረፈኞች ድክመት ብቻ አለመሆኑን ለመጽናናት ያህል እንጥቀስ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአሜሪካ በሦስት የስፖርት ማዘውተሪያ ቤቶች የተመዘገቡ 7,752 አባሎችን መርምረው ነበር። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባሎች በወር የሚመጡት በአማካይ 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ለአንድ ጊዜ ከ17 ዶላር በላይ ከፈሉ ማለት ነው፤ አባል ሳይሆኑ የአሥር ጊዜ ቲኬት ቢገዙ ኖሮ ለአንዱ ጊዜ 10 ዶላር ይበቃቸው ነበር። ሰዎቹ ሒሳብ የማያውቁ ሆነው አይደለም። በተመዘገቡበት ዕለት የነበራቸው ትጋት በሚመጣው ወር ሁሉ አብሯቸው የሚኖር መስሏቸው ነው።

ባለቤታችን ይህን ጥናት አላነበበችም፤ ከሊቃውንቱ ቀድማ ግን ደርሳበት ነበር። ከግድግዳ የተሰቀለውን የቀን መቍጠሪያ አውርዳ ከፊታችን ዘረጋችው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ጭቃ ነው፤ ማታ በእግር የሚወጣ የለም። ከዚያ እስከ ኅዳር እኩሌታ የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ ከአገራችን ለሥራ የሚሻገረው ሰው ብዙ ስለ ሆነ ከቢሮ የምንወጣው በመሸ ጊዜ ነው። አንድ ወር ዕረፍት ወስደን ወደ ዘመድ እንሄዳለን። ወባ ድርሻዋን ትወስዳለች፤ እንግዳ ድርሻውን ይወስዳል። የቀረው አምስት ወር ነው፤ በአምስቱም ወር ቢሆን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እንደማንወጣ ያለፈው ዓመት ይመሰክራል። ስንደምረው 42 ምሽት ሆነ። የአንዱ ምሽት ዋጋ ካሰብነው አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ ከአባል ጋር በእንግድነት ሲገባ የሚከፍለው አነስተኛ ገንዘብ አለ፤ ያን በ42 ብናበዛው የመዋጮውን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ወረቀቱን ልናጥፍ ስንል፥ ባለቤታችን ከሒሳብ ያልወጣ ጥያቄ ጨመረች። «አንተ ከጥላው ሥር ስትቀመጥ፥ እኔና ልጆቹ የት ነው የምንቀመጠው?» ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። ክበቡ ቤተሰብን የሚቀበለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር፤ በቀሩት ቀናት ወንዶች ብቻ ይገባሉ። ገንዘቡ ግን የሚወጣው ከሁላችን ሣጥን ነው። እርሷም በዚያ ከተማ እንግዳ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከሁለት ሕፃናት ጋር በቆርቆሮ ጣራ ሥር ትውላለች፤ የምታውቀው ዐረብኛም ከውኃ ሻጩና ከአትክልት ሻጯ ጋር የሚያግባባ ያህል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ሩቅ ስፍራ ሲመደብ አበል የሚታሰበው ለእርሱ ነው፤ ብቸኝነቱን ግን ሚስቱ እኩል ትካፈላለች። ይህን እስከዚያን ቀን አለማሰባችን አሳፈረን።

ይሁን እንጂ ነገሩ በሒሳብ ብቻ የሚዳኝ አለመሆኑንም ልንሰውር አንወድም። በሱዳን ክበብ ማለት ሻይ መጠጫ ብቻ አይደለም። በኦምዱርማን በ1918 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የምሩቃን ክበብ አባሎች አብዛኛዎቹ እንደ እኛ የመንግሥት ጸሐፊዎችና መምህራን ነበሩ። ከዚያ ክበብ በ1938 እ.ኤ.አ. የምሩቃን ጠቅላላ ጉባኤ ተወለደ፤ የጉባኤው የመጀመሪያ ጸሐፊ ኢስማኢል አል አዝሀሪ ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች መዋጯቸውን ለምሽት ብዛት አካፍለው ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ከቤታቸው በቀሩ ነበር። እኛም ብንሆን ከቢሮ ያልተማርነውን ዐረብኛ የተማርነው በእንግድነት ከገባንባቸው ጥቂት ምሽቶች ነው። በጠረፍ የሚሠራ ባለሥልጣን ሰውን ካላወቀ ወረቀቱን ቢያውቅ ምን ይረባዋል? የጭነት መኪና ወሰን ላይ ሲቆም፥ የሠራተኛ ሬሳ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲፈለግ፥ በሌሊት የሚደወልለት ሰው በክበብ የተዋወቁት ሰው ነው።

ይህን በማመዛዘን ላይ ሳለን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ከቢሯችን መጣ። ስለ ክበቡ ማመንታታችንን ሰምቶ ኖሮ፥ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ፥ «ስለ ኢሽቲራኩ አትጨነቁ፤ እኔ ለራሴ ስከፍል የእናንተንም እከፍላለሁ። ወንድማማች አይደለንም?» አለን። ፊቱ ላይ ተንኰል አላየንም። በዚያ አገር ቸርነት ብርቅ አይደለም። «እናስብበት» ብለን ሸኘነው፤ ይህ ስሕተታችን ነበር፤ ወዲያው እምቢ ማለት ይገባን ነበርና። በዚያ ሌሊት የዓመቱ መዋጮ በነጻ ስለ ተገኘ 200ውም 42ቱም ቢሆኑ ግድ የለም እያልን ተኛን። ማለዳ ለባለቤታችን ስንነግራት ቡና እየቈላች ነበር። ምጣዱን ከእሳት አወጣችና፥ «ሰውዬው የሚከፍልልህ ለወንበሩ አይደለም» አለች። ምጣዱንም መለሰችው። እኛም ከቡናው በፊት ተነሥተን ሄደን፥ ነጋዴውን አመስግነን አሳባችንን እንደማንቀበል ነገርነው። ጥቂት ቅር አለው። በኋላ ግን ጉዳዩን እንደ ማንኛውም ሰው ተራውን ጠብቆ ሲፈጽም ኖረ፤ ሰላምታውም አልተቋረጠም። አንባቢዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን፤ ባለሥልጣን መክፈል የማይችለውን ክበብ ሌላው ከፈለለት ማለት፥ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ገና አልተነገረውም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ምን አደረግን? ባለቤታችን አንድ ወር በእንግዳ ቲኬት እንሞክር አለች። ከኅዳር 11 ቀን ጀምረን በሄድን ቍጥር በቀን መቍጠሪያው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን፤ ብቻችንን ስንሄድ አንድ ሠረዝ፥ ከቤተሰብ ጋር ስንሄድ ክብ። ሽማግሌው ጎረቤታችን በእንግድነት ያስገቡን ነበር። እርሳቸው በዶሚኖ የሚያሸንፉት ስለማይገኝ አዲስ ተሸናፊ በማግኘታቸው ደስ ያላቸው ይመስለናል። የወሩ ውጤት ሰባት ሆነ፤ ሦስት ሠረዝና አራት ክብ። ዓርቦቹን ሁሉ ሄደናል፤ ብቻችንን ግን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አልሞላንም። በእነዚያ አራት ዓርቦች ባለቤታችን ከአንዲት መምህርት ጋር ተዋውቃ ነበር። ልጆቹም ከደረቁ ገንዳ ውስጥ ወርደው ኳስ ያንከባልሉ ነበር፤ የገንዳው ግድግዳ ኳሱን ስለሚመልስ ከሜዳ ይሻላል አሉ።

ኳስን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ገመድና አንድ ኳስ ብቻ ነበረ፤ በእርሱም መረብ ኳስ ስንጫወት አድገናል። ይህ ጨዋታ በ1895 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈለሰፈው በወንዶች ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር አዳራሽ ነው፤ ቅርጫት ኳስም ከአራት ዓመት በፊት ከዚያው ማኅበር ወጥቷል። ማኅበሩ በ1844 እ.ኤ.አ. በለንደን ሲመሠረት ዓላማው ከቤታቸው ርቀው በከተማ ሱቆች ለሚሠሩ ወጣቶች ከመጠጥ ቤት ሌላ መሰብሰቢያ መስጠት ነበር። በአገራችንም ወወክማ በሚለው ስሙ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ያስታውሰዋል። ርካሽ መዝናኛ የለም የሚሉ ሰዎች ገመድና ኳስ ስንት እንደሚያወጡ ይጠይቁ። ለአዋቂ ግን ገመድ አይበቃውም፤ ጥላና ወንበር ይሻል፤ ጠብ ካለው ጎረቤት ጋር እንኳ የሚያቀመጥ ጠረጴዛ ይሻል።

የሙከራችን ወር በተፈጸመ ማግሥት፥ ታኅሣሥ 11 ቀን፥ ከአትባራ የተነሣው የዳቦና የኑሮ ውድነት ተቃውሞ ገዳሪፍ ደረሰ። ሰው ሞተ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ክበቡም ተዘግቶ ሰነበተ። የዓመቱን የከፈሉት ያን ጊዜ ማጕረምረማቸው አልቀረም፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም፤ ከተማው ሌላ ሐዘን ላይ ነበርና። እኛ ዕድለኞች ሆንን እንጂ ብልሆች አልነበርንም። በጥር ሲከፈት የሦስት ወር መዋጮ ከፍለን ገባን። ይህንንም ያደረግነው ለዓርቡ ስንል ነው። ዓርብ ባይኖር በእንግዳ ቲኬት እንቀጥል ነበር።

የዓመት መዋጮን አስቀድሞ የመክፈል ነገር ሌላም ገጽ አለው። ዋጋ በሚንርበት አገር ዛሬ የተከፈለ ገንዘብ ነገ ከሚከፈለው ያነሰ ስለሚሆን አስቀድሞ መክፈል ትርፍ ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. የካቲት ወር የሱዳን መንግሥት የአንድ ዶላርን ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ሲያወጣው፥ ከዚያ በፊት የዓመቱን የከፈሉ ወዳጆቻችን እጅግ ተደስተው ነበር። ደስታቸው አልቆየም። ክበቡ በአሮጌ ገንዘብ የሰበሰበውን መዋጮ በአዲስ ዋጋ ናፍጣ ሊገዛበት አልቻለም፤ ጄኔሬተሩ ዝም አለ፥ ስኳሩም ከሻዩ ቀረ። አባልነት ውል ነው፤ ተዋዋዩ ከደኸየ ውሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለሦስት ወር የሚከፍል ሰው ጥቂት ቢጨምርም የሚያጣው የሦስት ወር ብቻ ነው።

እኛ በ2014 ዓ.ም. ከገዳሪፍ ተዛውረናል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ወድ መደኒ ከተያዘች በኋላ፥ ቍጥሩ የበዛ ሰው ወደ ገዳሪፍ ሸሽቶ ገባ፤ ትምህርት ቤቶችም ማደሪያ ሆኑ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ስልክ በያዘላቸው ቀን ይደውሉልናል። ስለ ክበቡ ስንጠይቃቸው፥ ከኒሞቹ ሥር ቤተሰቦች መጠለላቸውን፥ ጠረጴዛዎቹም ልብስ ማስጫ መሆናቸውን ነገሩን። «ገንዳውስ?» አልናቸው። «ከመደኒ የመጡ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ካርድ የሚጠይቃቸውም የለም» አሉ። ዶሚኖውን ግን ከቤታቸው አስቀምጠዋል።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። የጻፈልን ክበብ እንግዳ በቲኬት የሚያስገባ ከሆነ፥ አንድ ወር እንዲሞክርና በእርሳስ እንዲቈጥር እንለምነዋለን። ወሩም የጭቃ ወይም የሒሳብ መዝጊያ ወር አይሁን፤ እንዲህ ያለው ወር ክበቡን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። ባለትዳር መሆኑን አልነገረንም። ባለትዳር እንደ ሆነ ቍጥሩን ባለቤቱ ትያዝ። ሊከፍልለት የሚፈልግ ወዳጅ ካገኘ ደግሞ እንደ እኛ ሌሊት ሳያሳድር በዚያው ሰዓት ያመስግነውና ይመልሰው። የወሩን ውጤት ቢልክልን፥ ስሙን ሳንጠቅስ በዚሁ ዓምድ ለማውጣት ፈቃደኞች ነን።